ዲኢአይ፦ አሜሪካ በአንድ ስም የምትከራከርባቸው ሦስት ጉዳዮች

ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገኙ የብዝኃነት፣ የፍትሐዊነትና የአካታችነት ፕሮግራሞች እንዲዘጉ የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ፈረሙ። በማግስቱ የፈረሙት ሁለተኛ ትዕዛዝ ከዚህም ርቆ ሄደ፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ያወጡትንና ከመንግሥት ጋር የሚዋዋሉ ድርጅቶች ከአድልዎ መራቅ ብቻ ሳይሆን የሥራ ዕድል ለሁሉም እንዲዳረስ ንቁ እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድድ የነበረውን ትዕዛዝ ሻረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ዲኢአይ» የሚባለው ጉዳይ አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዘንድም መነጋገሪያ ሆኗል። አንዱ «እኛን ጥቁሮችንና ስደተኞችን ለመግፋት የተደረገ ነው» ሲል፣ ሌላው «ሥራ በችሎታ እንጂ በቀለም አይሰጥም፤ ደግ አደረጉ» ይላል።

ሁለቱም የሚናገሩት እውነት አለው፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም። በዚህ አንድ ስም ሥር በባሕርይም በሕግም የሚለያዩ ሦስት ነገሮች ታጭቀዋል። የመጀመሪያው የፀረ አድልዎ ሕጉ ራሱ ሲሆን፣ አሠሪም ሆነ ትምህርት ቤት ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በትውልድ አገሩ እንዳይበድል ይከለክላል። ሁለተኛው ማንንም ከማንም ሳያስቀድም መሰናክልን የማንሳት ሥራ ነው፤ ማስታወቂያን ሰፋ አድርጎ ማውጣት፣ ለሥራው የማያስፈልግ መመዘኛን መሰረዝ፣ ቃለ መጠይቅን ለሁሉም አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ለአካል ጉዳተኛ መወጣጫ መሥራት የዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው ውሳኔው በሚሰጥበት ሰዓት፣ ማለትም ማን ይቀጠር፣ ማን ይግባ፣ ማን ገንዘቡን ያግኝ ሲባል፣ የሰውየውን ዘር ወይም ጾታ በሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ነው። የጦፈው ክርክር በዋነኛነት በሦስተኛው ላይ ነው፤ እርምጃው ግን ሁለተኛውንም ይዞ እየሄደ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ የመጀመሪያውም አብሮ የጠፋ እየመሰለው ነው። መደባለቁ ለሁለቱም ወገን ፖለቲከኞች ተመችቷል ብዬ አምናለሁ፤ ሥራ ፈላጊውንና ሠራተኛውን ግን እየጎዳ ነው።

ከዳን ሪቨር የጀመረው ጥያቄ

የጉዳዩ ሥር ያለው በ1960ዎቹ ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ በማርች 1961 ባወጡት ትዕዛዝ የመንግሥት ተቋራጮች ሠራተኞቻቸውን ዘር፣ እምነት፣ ቀለምና የትውልድ አገር ሳይለዩ ለማስተናገድ «አፈርማቲቭ አክሽን» እንዲወስዱ አዘዙ። ዛሬ ቃሉ ለአንድ ወገን ቅድሚያ መስጠት ማለት ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል እንጂ፣ በዚያ ትዕዛዝ ውስጥ ትርጉሙ አድልዎ አለመኖሩን እጅ አጣጥፎ ከመጠበቅ ይልቅ በተግባር ማረጋገጥ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 2 ቀን 1964፣ የሲቪል መብቶች ሕግ ተፈረመ። የዚህ ሕግ ሰባተኛ ርዕስ በሥራ ቦታ የሚፈጸም አድልዎን የሚከለክል ሲሆን፣ ዛሬ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች ሁሉ ይመለከታል።

ሕጉ የከፈተው ከባድ ጥያቄ የታየው በሰሜን ካሮላይና፣ ዳን ሪቨር በሚባለው የዱክ ፓወር ኩባንያ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው 95 ሠራተኞች 14ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከጉልበት ሥራ ክፍል በስተቀር ወደ ሌላ ክፍል አይመደቡም ነበር፤ በዚያ ክፍል ትልቁን ደመወዝ የሚያገኘው ሰው በሌሎቹ ክፍሎች ትንሹን ደመወዝ ከሚያገኘው ያነሰ ይከፈለው ነበር። ኩባንያው በ1965 ቀለም የሚለየውን አሠራር ሲተው፣ በምትኩ ከጉልበት ሥራ ክፍል ወደ ሌላ ለመዛወር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዲፕሎማ ጠየቀ፤ ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ ጁላይ 2 ቀን 1965፣ ደግሞ በተሻሉት ክፍሎች ለሚቀጠሩ አዳዲስ ሠራተኞች ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎች ጨመረ። በወረቀት ላይ መመዘኛው ለጥቁሩም ለነጩም አንድ ነበር። ነገር ግን በ1960 ሕዝብ ቆጠራ መሠረት በግዛቲቱ ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁት ነጭ ወንዶች 34 በመቶ ሲሆኑ ጥቁር ወንዶች 12 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህም የሆነው ያው መንግሥት ለአሥርት ዓመታት በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምራቸው ስለኖረ ነው። ከዚህም በላይ፣ መመዘኛው ከመውጣቱ በፊት ያለ ዲፕሎማ የተቀጠሩ ነጭ ሠራተኞች ያንኑ ሥራ ያለ ምንም ችግር እየሠሩ ይገኙ ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971፣ አንድም የልዩነት ድምፅ ሳይኖር፣ መመዘኛው ሕገ ወጥ ነው አለ። ምክንያቱ አሠሪው ክፉ ሐሳብ ነበረው የሚል አልነበረም፤ መመዘኛው አንዱን ወገን በብዛት ያስቀራል፤ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ አልታየም የሚል ነው። የሕግ ባለሙያዎች «የተዛባ ውጤት» የሚሉት መርሕ የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ኮንግረስም በ1991 በሕግ አጽንቶታል። ዛሬ ስለ ዲኢአይ የሚሰማው ጭቅጭቅ እዚህ ውስጥ በጥቂቱ አለ፦ ፍትሕ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት ነው ወይስ ደንቡ ማንን እያስቀረ እንደሆነና ለምን እንደሚያስቀር መጠየቅንም ይጨምራል?

የዳን ሪቨር ትምህርት የአንድ ፓርቲ ንብረት አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሜሪላንድ ይገኛል። በማርች 2022 የወቅቱ ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ላሪ ሆጋን በሺዎች ከሚቆጠሩ የግዛቲቱ የመንግሥት ሥራዎች ላይ የአራት ዓመት ዲግሪ መመዘኛን አነሱ፤ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ዴሞክራቱ የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮ በግዛታቸው ተመሳሳይ እርምጃ ወሰዱ። ማንም ይህን ዲኢአይ ብሎ አልጠራውም፤ ማንም በጎዳና አልተቃወመውም። ዲግሪውን በአገሩ ቤት ጥሎ የመጣ፣ ወይም ያመጣው ዲግሪ አልታወቅለት ብሎ በመኪና ማቆሚያና በታክሲ ሥራ ዓመታት ያሳለፈ ስደተኛ ግን ከብዙ የብዝኃነት ሥልጠና ይልቅ እንዲህ ያለው ውሳኔ ይጠቅመዋል።

የዩኒቨርሲቲው በር

ኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ አንባቢ ወደዚህ ክርክር የሚገባው የራሱን ትዝታ ይዞ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች ልዩ ድጋፍ እንደሚደረግ ይደነግጋል፤ ለሴት ተማሪዎችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ይል እንደነበር፣ በመሥሪያ ቤቱም «የብሔር ተዋጽኦ» እየተባለ ሹመት ሲደለደል እንደኖረ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዲኢአይን ሲሰማ ወዲያው ወደ ኮታ ያስበዋል። የአሜሪካው ሕግ ግን በዩኒቨርሲቲዎች የዘር ኮታን የዘጋው ገና በ1978 ነው። በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 መቀመጫዎች 16ቱን ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳ ወገኖች ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ አለን ባኪ የተባለ ነጭ አመልካች ከሰሰና አሸነፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሉዊስ ፓወል ወሳኝ በሆነው አስተያየታቸው ኮታ አይፈቀድም፤ ነገር ግን የተማሪዎች ስብጥር ለትምህርቱ ስለሚጠቅም ዘር ከብዙ ነጥቦች መካከል እንደ አንዱ ሊታይ ይችላል አሉ።

ይህ አነጋገር ጉዳዩን ከሥሩ ቀየረው። ጆንሰን በ1965 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲናገሩ ክርክራቸው የተመሠረተው በታሪክ ዕዳ ላይ ነበር፤ ለዘመናት በሰንሰለት የታሰረን ሰው ፈትቶ ወዲያው ሩጫው መስመር ላይ አቁሞ «ከሌሎቹ ጋር ተወዳደር» ማለት ፍትሕ አይደለም አሉ። ከፓወል በኋላ ግን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ዕዳ መናገር ትተው ስለ ስብጥር ጥቅም መናገር ጀመሩ፤ ኩባንያዎችም ቋንቋውን ተከተሉ። የዕዳው ክርክር የሚመለከታቸው ሰዎች ተለይተው ይታወቁ ነበር፤ የስብጥሩ ክርክር ግን ማንን እንደሚመለከት አይለይም።

ይህም እኛን በቀጥታ ይነካል። በ2004 የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮች የነበሩት ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጊኒየር፣ በዩኒቨርሲቲው ከሚማሩት ጥቁር ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ፣ ምናልባትም እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚደርሱት፣ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች፣ አንዳንዶቹም የቅይጥ ጋብቻ ልጆች መሆናቸውን አንስተው ነበር። ጥያቄያቸው ስደተኛው ለምን ገባ የሚል አልነበረም፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በዚያ ምድር በባርነት የነበሩ ልጆች የት አሉ የሚል ነበር እንጂ። በፕሮግራሞቹ መልካም ከተጠቀሙት መካከል ልጆቻችን እንዳሉበት፣ መንገዱን በደማቸው የከፈቱት ግን አፍሪካ አሜሪካውያን እንደሆኑ አምኖ መነሳት የቅንነት ጉዳይ ይመስለኛል።

ቀጣዮቹ ዓመታት በፍርድ ቤት ውዝግብ አለፉ። ካሊፎርኒያ በ1996 በሕዝብ ድምፅ የዘር ቅድሚያን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና ከመንግሥት ሥራ ከለከለች። በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለአናሳ አመልካቾች በጅምላ 20 ነጥብ መጨመሩን ሽሮ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ግን እያንዳንዱን አመልካች በጠቅላላ ሁኔታው መመዘኑን አጸደቀ፤ ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነርም ከ25 ዓመት በኋላ ይህ አስፈላጊ እንደማይሆን ተስፋቸውን ገለጹ። ፍርድ ቤቱ ግን 25 ዓመት አልጠበቀም። ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በተሰጠው ፍርድ ዘርን በመግቢያ ውሳኔ ላይ መጠቀም ቀረ።

የዚህን ፍርድ ከሳሾች ቅሬታ ሳይረዱ ክርክሩን መረዳት አይቻልም። ከሳሾቹ የተናገሩት ስለ እስያ አሜሪካውያን ነበር። በክርክሩ የቀረበው የሃርቫርድ መረጃ እንዳሳየው፣ አመልካቾች በትምህርት ውጤታቸው በአሥር እርከን ሲደለደሉ፣ ከታች አራተኛው እርከን ላይ ያለ ጥቁር አመልካች የመግባት ዕድሉ 12.8 በመቶ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይኛው እርከን ላይ ያለ እስያ አሜሪካዊ ዕድል 12.7 በመቶ ነበር። ቤት ያፈራውን ሁሉ ለልጁ ትምህርት ያዋለ የቬትናም ወይም የቻይና ስደተኛ ይህን ሲሰማ ምን ሊሰማው እንደሚችል የእኛ ወላጆች ለመገመት አይቸገሩም። በሌላ በኩል በዚያው ሙግት የወጣው ሌላ መረጃ፣ የቀድሞ ምሩቃን ልጆች የሆኑ አመልካቾች ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይገቡ እንደነበር ያሳያል፤ የሌሎቹ ዕድል ግን ስድስት በመቶ ገደማ ነበር። ፍርዱ ይህን አልነካውም። «በችሎታ ብቻ» የሚለውን መፈክር የሚያነሳ ሰው ለአባት ስም የሚሰጠውንም ቅድሚያ በዚያው ድምፅ እስካልተቃወመ ድረስ ክርክሩ ጎዶሎ ነው።

የፍርዱ ውጤት ፈጥኖ ታየ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ በሚባለው፣ ከፍርዱ በኋላ በገባው የመጀመሪያ ክፍል የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ቀድሞ ከነበረው 13 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ የእስያ አሜሪካውያን ድርሻ ወደ 47 በመቶ ከፍ አለ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ግን አንድ በር ክፍት ትተዋል፤ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣበትን ፈተናና ያተረፈለትን ጥንካሬ በድርሰቱ ቢጽፍ፣ ዩኒቨርሲቲው ያንን ከግል ባሕርዩና ከችሎታው ጋር አያይዞ ሊያየው ይችላል። ልጁን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ ወላጅ ይህን ማወቅ አለበት።

ሥልጠናውና ምርምሩ

በሥራው ዓለም ጉዳዩ የተጋጋለው ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለበት ከሜይ 25 ቀን 2020 በኋላ ነው። ኩባንያዎች በጥቂት ወራት ውስጥ የብዝኃነት ኃላፊዎችን ሾሙ፤ ሠራተኛውንም ለግማሽ ቀን ሰብስበው ስለ ስውር አድልዎ አሠለጠኑ። ብዙ ሠራተኛ ዲኢአይ ማለት ይህ ሥልጠና ብቻ ይመስለዋል፤ ቅሬታውም በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው።

ምርምሩ እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን የማይመች ነገር ይናገራል። በመጀመሪያ፣ አድልዎ ተረት አይደለም። በ2004 ታትሞ በወጣ ታዋቂ ጥናት፣ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በቦስተንና በቺካጎ ጋዜጦች ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ የሥራ ማመልከቻዎችን ላኩ። ልምዱና ትምህርቱ ተመሳሳይ ነበር፤ ልዩነቱ ስሙ ብቻ ሲሆን፣ ግማሾቹ እንደ ኤሚሊና ግሬግ ያሉ የነጭ፣ ግማሾቹ እንደ ላኪሻና ጀማል ያሉ የጥቁር ስም የሚመስሉ ነበሩ። የነጭ ስም የያዙት 50 በመቶ ብልጫ ያለው የስልክ ጥሪ አገኙ። ልጆቻቸውን በቤት አንድ፣ በማመልከቻ ላይ ሌላ ስም የሚያወጡ ወላጆች ይህን ያለ ጥናትም ያወቁት ይመስላል። ከዚህ እጅግ የሚሰፋ ሌላ ጥናት ደግሞ ወደ 108 ታላላቅ ኩባንያዎች 83,000 ገደማ ማመልከቻዎችን ልኮ ክፍተቱ በአማካይ ጠበብ ያለ መሆኑን፣ ነገር ግን በሁሉም ኩባንያ እኩል አለመሆኑን አገኘ፤ ከጠፉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የመነጩት ከኩባንያዎቹ አንድ አምስተኛ ከሚሆኑት ነበር። ቅጥርን በማዕከል የሚያስተዳድሩ ኩባንያዎች አድልዎአቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አድልዎ በሰው ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ ውስጥም እንደሚቀመጥ፣ ስለዚህም በአሠራር ሊቀነስ እንደሚችል ያሳያል።

ሁለተኛው ግኝት የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎቹ የፍራንክ ዶቢንና የአሌክሳንድራ ካሌቭ ነው። ከ800 በላይ የአሜሪካ ድርጅቶችን የሦስት አሥርት ዓመታት መረጃ መርምረው፣ አለቆችን አስገድዶ ማሠልጠን ጥቁሮችንና ሴቶችን ወደ አለቅነት እንዳላመጣ፣ እንዲያውም ከግዴታው ሥልጠና አምስት ዓመት በኋላ በአለቅነት ላይ ያሉ ጥቁር ሴቶች ድርሻ እንደቀነሰ ጻፉ። ሰው በግድ ተይዞ «አድሎኛ ነህ» ሲባል ይሸሻል፤ በራሱ ፈቃድ ሲገባበት ግን ይለወጣል። በአንጻሩ ልምድ ያለው ሠራተኛ አዲሱን ይዞ እንዲያሳድግ ማድረግ፣ ከተለያዩ የቅጥር ምንጮች መመልመልና ውጤቱን የሚከታተል ኮሚቴ ማቋቋም የተሻለ ፍሬ ሰጥተዋል። የሚያሳዝነው ኩባንያዎቹ የመረጡት የማይሠራውን መሆኑ ነው፤ ሥልጠና ርካሽ ነው፣ በፎቶ ይታያል፣ ክስ ሲመጣም ለመከላከያ ይጠቅማል። ተቃዋሚዎች ሊመቱት ሲነሱ ቀድመው ያገኙት ይህንኑ ደካማውን ክፍል ነው፤ ደጋፊዎቹም ሁሉንም በአንድ ስም አስረው ስለያዙት አብሮ የወደቀው የሚሠራው ነው።

ከ2025 ወዲህ ያለው ሕግ

አሁን ያለው ፍጥጫ በብዛት የሚካሄደው በሦስት መሣሪያዎች ነው። አንደኛው የፍርድ ቤት ክስ ነው። አትላንታ የሚገኝ ፊርለስ ፈንድ የተባለ ድርጅት ጥቁር ሴቶች ለሚመሩት አነስተኛ ንግድ በውድድር 20,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ በጁን 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውድድሩን አገደው። የታገደበት ሕግ በ1866 ነፃ የወጡ ባሪያዎች የመዋዋል መብት እንዲኖራቸው የወጣው ነው። አንዳንዶች ይህን የሕጉን መንፈስ መገልበጥ ነው ብለው አዝነዋል፤ ሌሎች ደግሞ ሕጉ ለሁሉም የሚሠራ ከሆነ ውጤቱ ይህ ነው ይላሉ። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሜስ ጉዳይ፣ ተቃራኒ ጾታን የምወድ በመሆኔ እድገት ተነፈግሁ፣ ከቦታዬም ተነሣሁ ያለች የኦሃዮ ሠራተኛ ያቀረበችውን አቤቱታ ተቀብሎ፣ ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ከሌላው የከበደ ማስረጃ እንዲያቀርብ አይጠየቅም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ፍርዱን የጻፉት በፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። በእኔ ግምት ይህ ፍርድ ትክክል ነው፤ ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ይላልና።

ሁለተኛው መሣሪያ ገንዘብ ነው። የጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ትዕዛዝ የፌዴራል ውል ወይም ድጎማ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ ሕግን የሚጥስ የዲኢአይ ፕሮግራም እንደሌለው በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫው ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በአብርሃም ሊንከን ዘመን፣ በ1863፣ የጦር ሠራዊቱን ያጭበረበሩ ነጋዴዎችን ለመቅጣት በወጣው የሐሰት ጥያቄዎች ሕግ ይጠየቃል። ይህ ሕግ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ የሚያስከፍል ሲሆን፣ ጥቆማ የሰጠ ግለሰብም ከሚመለሰው ገንዘብ ድርሻ ያገኛል። ትዕዛዙ «ሕግን የሚጥስ» ይላል እንጂ የትኛው ፕሮግራም እንደሚጥስ አይዘረዝርም። የወቅቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ፓም ቦንዲ በጁላይ 2025 ያወጡት መመሪያ «የሕይወት ልምድ» ወይም «ባህልን የመረዳት ችሎታ» የሚሉ መመዘኛዎች እንኳ ለዘር ምትክ ሆነው ካገለገሉ ሕገ ወጥ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይገልጻል። ድጎማ ተቀብሎ አዲስ መጤዎችን በአማርኛ የሚያገለግል የማኅበረሰብ ድርጅት «ባህሉን የሚያውቅ ሠራተኛ እንፈልጋለን» ብሎ ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት ጠበቃ ማማከር የሚኖርበት ለዚህ ነው፤ ለሥራው በእርግጥ የሚያስፈልገው የአማርኛ ቋንቋ ከሆነ ግን ቋንቋውን በግልጽ መጠየቁ ይሻለዋል። በዚህ ዓይነት ድንግዝግዝ ውስጥ ጥንቁቅ ጠበቃ የሚመክረው ሁሉንም መዝጋትን ነው፤ ስለዚህ ማንም ሳይከለክላቸው የተዘጉ ሕጋዊ ፕሮግራሞች ጥቂት አይደሉም።

ሦስተኛው የተዛባ ውጤት መርሕን ማዳከም ነው። ፕሬዚዳንቱ በኤፕሪል 23 ቀን 2025 ባወጡት ትዕዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይህን መርሕ በማስፈጸም እንዳይተጉ አዘዋል። መርሑ በኮንግረስ ሕግ ውስጥ ስላለ በትዕዛዝ አይሻርም፤ ግለሰብም ራሱ መክሰስ ይችላል። ሆኖም ማስረጃ የማሰባሰብ አቅም ያለው መንግሥት ከጉዳዩ እጁን ሲያወጣ፣ በዳን ሪቨር ዓይነት ቦታ ላለ ሠራተኛ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ከሁሉም እርምጃዎች እጅግ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የሚነካው ቅድሚያ መስጠትን ሳይሆን ትርጉም የለሽ መሰናክልን ነው።

የንግዱ ዓለም ተከፋፍሏል። ዎልማርት፣ ሜታና ማክዶናልድስ ፕሮግራሞቻቸውን ሲቀንሱ፣ የኮስትኮ ባለአክሲዮኖች የኩባንያው ፕሮግራም እንዲመረመር የቀረበላቸውን ሐሳብ በጃንዋሪ 2025 ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ጣሉት። ታርጌት ወደኋላ በማለቱ በጥቁር አብያተ ክርስቲያናት መሪነት ያለመግዛት አድማ ተመቶበታል። በመንግሥት ውል የሚወዳደሩ አነስተኛ ነጋዴዎችም ለውጡ ደርሷቸዋል፤ በፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር «ኤይት ኤ» በተባለው፣ ለተጎዱ ነጋዴዎች የመንግሥት ውል ዕድል በሚሰጠው ፕሮግራም ጥቁር ወይም ሌላ የተዘረዘረ ወገን የሆነ አመልካች ያለ ተጨማሪ ማስረጃ የተጎዳ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ በቴነሲ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጁላይ 2023 ይህን ከሻረው ወዲህ አመልካቹ ራሱ የደረሰበትን በደል በዝርዝር መጻፍ ግድ ሆኖበታል።

ያልተነካው

ብዙ ሰው «ዲኢአይ ቀረ» ሲባል አቤት የሚልበት ሕግም የቀረ ይመስለዋል። አልቀረም። የ1964ቱ ሕግም ሆነ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በሥራ ላይ ናቸው። አሠሪ አንድን ሰው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ሊያባርረው አይችልም፤ በአነጋገር ዘዬው ምክንያት እድገት ሊነፍገው የሚችለውም ዘዬው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ሲሆን ብቻ ነው። ሃይማኖትን በተመለከተ እንዲያውም ጥበቃው ጠንክሯል። የሃርቫርዱ ፍርድ በተሰጠበት በዚያው ዕለት፣ ጁን 29 ቀን 2023፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ አንድ የፔንሲልቬንያ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪ የሠራተኛውን የእምነት ጥያቄ ለመከልከል ለሥራው ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትል መሆኑን ማሳየት አለበት ሲል በአንድ ድምፅ ወስኗል። ከዚያ በፊት ትንሽ ወጪ እንኳ ለእምቢታ ይበቃ ነበር። የጥምቀትን ወይም የዒድን ቀን፣ የጁምዓን ሶላት ሰዓት የሚጠይቅ ሠራተኛ የሚቆመው በዚህ ፍርድ ላይ ነው፤ ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ቀደም ብሎና ምክንያቱ የሃይማኖት መሆኑን ገልጾ ቢያቀርብ ይመረጣል።

አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው። አቤቱታው በደሉ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀናት ውስጥ፣ ግዛቱ ወይም ከተማው ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ካለው ደግሞ በ300 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ በማመልከቱ ምክንያት አሠሪው ሊበቀለው አይችልም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ግን ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ በ45 ቀናት ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር ይኖርበታል።